የሰው ቤት ወለል

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን «ጠፋህ፣ ምነው ድምፅህ አልሰማ አለን?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አመሰግናለሁ። አልታመምኩም፣ አልታሰርኩምም። ኦልድ ካምፓላ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ለዐሥራ አንድ ቀን ተንበርክኬ ነበር። ለጸሎት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ወለል እየፋቅኩ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ወለል ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ቤት ተከራይታችሁ ለምትኖሩ የሚጠቅም ነገር አለበት። አገር ቤት ላላችሁ ዘመዶቼ ደግሞ «ልጃችን እዚያ ሰው አገር ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄያችሁ ቢያንስ የዐሥራ አንድ ቀን መልስ ይሆናል።

ቤቱን ለማታውቁት፦ ከጋዳፊ መስጊድ ቁልቁል ስትወርዱ ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ባለ ፍርግርግ ብረት፣ በረንዳው ሰፊ። ህንዶች ናቸው የሠሩት። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኢዲ አሚን በፈረንጆች ነሐሴ 1972 የእስያ ዝርያ ያላቸው ነዋሪዎች በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤትና ሱቃቸውን እየጣሉ ወጡ። ንብረቱን መንግሥት ባቋቋመው ጠባቂ ቦርድ ሥር አደረጉት፤ በ1990ዎቹ አብዛኛው ለባለቤቶቹ ሲመለስ፣ ብዙዎቹ ተመልሶ መኖሩ ስላልሆነላቸው ሸጡት። የኛን ቤት አሁን ያሉት ባለቤት ከገዙት ሃያ ዓመት አልፏል። መካ ደርሰው የተመለሱ ሴት ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ «ሃጃት» ይላቸዋል፤ እኛም እንዲሁ።

የሳሎኑ ወለል ፓርኬ ነው። የጣት ስፋት ያላቸው እንጨቶች አምስት አምስት እየሆኑ፣ አንዱ መደብ ቁም፣ ቀጣዩ አግድም፣ እንደ ሰሌን ተሸምነው የተነጠፉ። እንጨቱ ሙቩሌ ይባላል፤ በዓለም ገበያ ኢሮኮ የሚሉት ነው። ምስጥ የማይደፍረው ጠንካራ እንጨት ነው። ድሮ በቡሶጋ በኩል በብዛት ነበረ፣ ተጨፍጭፎ ዛሬ ተመናምኗል። አዲስ ሲጠረብ ቢጫ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይጠቁራል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት አሁን ነው። ስድስት ዓመት ስረግጠው «ጥቁሩ ወለል» ብቻ ነበር የምለው።

በዚህ ሳሎን ዙሪያ የምንኖረው ሦስት ቤተሰብ ነን። እኔና ወንድሜ አንድ ክፍል፣ አንዲት እህታችን ከሁለት ልጆቿ ጋር አንድ ክፍል፣ ሦስት ወጣቶች ደግሞ የኋላውን። ኪራዩ በወር 900,000 ሽልንግ ነው፣ ለሦስት እንካፈለዋለን። ሳሎኑ ግን የሁላችሁም እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የሚቆጥሩት ሃያ ምናምን ልጆች እዚያ ይቀመጣሉ። አዲስ የመጣ ሰው ወረቀቱን እስኪያስጨርስ ፍራሹን የሚዘረጋው እዚያ ነው። ለቅሶም የተቀመጥነው እዚያ ነው። ካምፓላ ውስጥ የሚኖር ስደተኛ ራሱን ይቻል ነው የሚባለው። ራሱን የሚችለው ግን እንዲህ ያለ አንድ ክፍል ሲኖር ነው። ለዚህ ነው የወለሉ ነገር እንቅልፍ የነሳኝ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የቤቱ አስተዳዳሪ ነኝ የሚል ደላላ መጣ። ስልኩን አውጥቶ ወለሉን ከዚህም ከዚያም አነሳ። በሳምንቱ ወረቀት ላከ። ወለሉ «ወድሟል»፣ ማስጠገኛው በሥራ ተቋራጭ 2,600,000 ሽልንግ ነው፣ ከፍላችሁ ካላሠራችሁ እስከ መስከረም መጨረሻ ልቀቁ፤ የሁለት ወር መያዣችሁ 1,800,000ም አይመለስም። እኛ ቤት የሚያነባውን ተውት፣ የሚስቀውም ነበረ። ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ!

እውነቱን እናውራ፤ ወለሉ ተጎድቷል። ያጎዳው ግን ኑሮ ነው። ከኛ በፊት የነበሩትም፣ እኛም፣ እንግዶቻችንም። ሲጊሪው ከተቀመጠበት ጥግ የፍም ምልክት ዘጠኝ ቦታ ቆጥሬያለሁ። የብረት ሲጊሪው እግር ከፈሰሰ ውሃ ጋር እየተጋገዘ ጥቁር ክብ አትሟል። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር የምንጎዘጉዘው እርጥብ ቄጠማ ደግሞ በቫርኒሽ ላይ ሲያድር ነጭ ደመና ይሠራል፤ ቫርኒሹ ባለቀበት ቦታ ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ግራጫ ያደርገዋል። በሩ አጠገብ ጥቂት ጣቶች ተነቅለው ይንቀጫቀጫሉ፤ ባለፈው ዓመት የአንድ ሕፃን እግር ውስጥ ስንጣሪ ገብቶ በመርፌ አውጥተናል።

ኮንትራታችንን አወጣሁና አነበብኩት። በአግባቡ በመኖር የሚመጣ ማርጀት በተከራይ አይቆጠርም ይላል። ከዚያ የ2022ቱን የአከራይና ተከራይ አዋጅ አነበብኩ። እናንተም አንብቡት። ኪራይ በዓመት ከመቶ ዐሥር በላይ አይጨመርም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ዕቃችሁን ወደ ውጭ አይጥልም። 500,000 ሽልንግና ከዚያ በላይ የሆነ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። አዋጁ ተከራይ ዜጋ ነው ወይስ ስደተኛ ብሎ አይጠይቅም። ይህንን ደጋግሜ የምለው ብዙዎቻችን የደላላ ወረቀት ስናይ የፍርድ ቤት ማኅተም ያየን ስለሚመስለን ነው።

ግን አዋጅ ይዞ መጮህ አንድ ነገር ነው፣ እዚያው ቤት መኖር ሌላ። ስለዚህ ደላላውን ትቼ ሃጃት ጋ ሄድኩ። ሙዝ እየላጡ አገኘኋቸው። ወረቀቱን አሳየኋቸው፤ እሳቸው የሚያውቁት «ወለሉ ትንሽ ይታደስ» ያሉትን ብቻ ነው። ዋጋውን ሲሰሙ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ሙሶሜሳ፣ አንተ ስንት ይፈጃል ትላለህ?» አሉኝ። ሙሶሜሳ መምህር ማለት ነው።

«ዕቃው ከስድስት መቶ ሺህ አያልፍም፣ ጉልበቱ የኛ።»

«ታውቅበታለህ?»

«የሚያውቅ ሰው አለን።»

ውሉን የቀበሌያችን የኤልሲ ዋን ሊቀመንበር ፊት ጻፍነው። የዕቃ ወጪ በደረሰኝ እስከ 600,000 ከኪራይ ይቀነሳል፣ ጉልበት ነፃ፣ የደላላው ወረቀት ይሰረዛል፣ መያዣው ባለበት ይቆያል። ሥራው ሃጃትን ካላረካ ተቋራጭ ይገባል፣ ዋጋውንም እኩል እንካፈላለን። ቀነ ገደቡን እኔ ነኝ የመረጥኩት፦ እንቁጣጣሽ። ትምህርት ቤት ለዕረፍት ስለተዘጋ ጊዜ ነበረኝ።

የሚያውቅ ሰው ያልኩት ንዴባ የሚሠሩትን ጋሼን ነው። ብዙዎቻችሁ ወንበርና አልጋ አሠርታችሁባቸዋል። አዲስ አበባ የአናጺ ልጅ ሆነው ነው ያደጉት፤ ፒያሳ አካባቢ ባሉ አሮጌ ቤቶች ጣውላ ወለል ከአባታቸው ጋር ሲያለሰልሱ ልጅነታቸውን እንደጨረሱ ይናገራሉ። ስምህን ልጥቀስ ብላቸው «ለምን? ደንበኛ በዛ፣ ወገቤ አነሰ» አሉኝ።

ሥራውን ልንጀምር ስንል አንድ ጓደኛዬ መጣ። ታውቁታላችሁ፣ በስብሰባችን ላይ ሁሌ እጁን የሚያወጣው። በር ላይ ቆሞ «እናንተ ሰዎች ጤነኛ ናችሁ? ለሰው ቤት?» አለ። «ነገ ብትወጡ ወለሉን ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ? እኛ እኮ እዚህ ልንኖር አልመጣንም፣ እየጠበቅን ነው።»

ይህ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሁላችንም እንለዋለን። መጋረጃ ስንገዛ «ለጊዜው ነው» እንላለን፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስናስገባ «እስክንሄድ» እንላለን። እኔ ራሴ ስድስት ዓመት ሙሉ መጽሐፎቼን ካርቶን ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። የአሜሪካ የስደተኞች ማስፈሪያ ፕሮግራም በፈረንጆች ጥር 2025 ሲቆም ደግሞ መጠበቁ ራሱ ሚዛኑን ሳተ፤ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዛ።

ለጓደኛዬ የመለስኩለት ስለ እናቴ ነው። ጎንደር ያደግንበት ቤት የቀበሌ ቤት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ከሌላ ሰው ተወስዶ ለቀበሌ የገባ፣ ከዚያ እናቴ በትንሽ ብር የተከራየችው። አንድም ቀን የኔ ነው ብላ አታውቅም፤ የኪራይ ደረሰኟን በፌስታል ጠቅልላ ከዳዊቷ ጋር ነበር የምታስቀምጠው። ግን ዓመት በዓል ሲደርስ ወለሉን በእበት ሳትለቀልቅ አንድም ቀን አላለፈችም። እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ከጓዳው ጀምራ ወደ በሩ እየተመለሰች ትለቀልቃለች። እኛ ውጭ ቆመን እስኪደርቅ እንጠብቃለን። «የቀበሌ ነው» ብላ የተወችው ጥግ የለም። ጓደኛዬ ሰማኝና «እሱ እበት ነው፣ በነፃ ነው» አለ። ዛሬም አልተስማማንም። በሦስተኛው ቀን ግን ማስክ አድርጎ መጣና አንድ ሙሉ ግድግዳ ሥር ፈቀፈቀ።

ቅዳሜ ነሐሴ 24 ዕቃ ማውጣት ጀመርን። ሶፋው ወጣ፣ ቴሌቪዥኑ ወጣ፣ የልጆቹ ሰሌዳ ወጣ። የቀሩት የእህታችን ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። ክፍሏ ስለማይበቃ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነበሩ። የሕክምና ምርመራው አልቆ፣ ትምህርቱን ወስዳ፣ የበረራ ቀን ሲነገራት ነው ያሸገችው። ከዚያ በረራው ቀረ። ሻንጣዎቹን ማንም አልነካም። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ እንኳ በዚያ በኩል አይሄዱም ነበር።

«ላንሳው?» አልኳት። «ቆይ እኔ» አለች። አንዱን ጎትታ ስታነሳው ከሥሩ ሌላ ወለል ወጣ። በሻንጣው ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ቫርኒሹ ያልተነካ፣ የሚያብረቀርቅ። ዙሪያው ያለው ሁሉ ያን ያህል መበላቱን ያየነው ያኔ ነው። ሁለተኛውንም አነሳች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና ቁልፉን ከፈተች። የትንሹ ልጅ ወፍራም ጃኬት ነበር ከላይ፣ ለበረዶ ብላ ከኦዊኖ መርጣ የገዛችው። ጠራችውና አለበሰችው። እጅጌው ክርኑ አጠገብ ቀረ። ልጁ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ እሷ ፊቷን አዞረች። ከሥር ደግሞ በጨርቅ የጠቀለለቻቸው ዐሥራ ሁለት ሲኒዎች ነበሩ፣ የእናቷ ናቸው። እነሱን አውጥታ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ጃኬቱን ለኋላው ክፍል ጎረምሳ የእህት ልጅ ሰጠችው። የቀረውን መልሳ ዘጋችና ሻንጣዎቹን አልጋ ሥር ገፋቻቸው። ማንም ምንም አላለም። ጋሼ «በሉ ማሽኑ በሰዓት ነው የሚታሰበው» ብለው ከዚያ ድባብ አወጡን።

አሁን ወደ ሥራው። የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንኩ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ያየነው ወለሉ ላይ ምን እንዳለ ነው። ጋሼ ውሃ ጠብ ያደርጋሉ። ጠብታው ቁጭ ካለ ቫርኒሹ አለ፤ ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረ እንጨቱ ራቁቱን ነው። ከዚያ በጥፍራቸው ፋቅ ያደርጋሉ። ጥፍራቸው ሥር ቅባት መሳይ ነገር ከተያዘ ሰም ነው። የኛ ወለል ላይ ከቫርኒሹ በላይ የዓመታት የወለል ሰም ተደርቦበታል። ሰም ካልጠፋ የብርጭቆ ወረቀቱን በደቂቃ ይደፍነዋል፣ አዲሱም ቫርኒሽ አይይዝም፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በተርፔንታይን በነከርነው ጨርቅ ሰም ማንሳት ብቻ ነበር። ጨርቁ እንደ ሞተር ዘይት ሆኖ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛው ቀን የላሉትን ጣቶች ማጣበቅና የተቃጠሉትን መተካት። እዚህ ላይ ጋሼ ያደረጉትን እዩልኝ። አዲስ የሙቩሌ ቁራጭ ከንዴባ አስቆርጠው አመጡ፤ ግን ሳሎኑ መሐል ቢገባ ቢጫነቱ ከሩቅ ይጮሃል። ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈቱ፣ ከውስጥ ያለውን አሮጌ ፓርኬ ዐሥራ አራት ጣት በጥንቃቄ ነቀሉና እሱን መሐል ላይ ተከሉት። አዲሱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ማንም የማያየው ቦታ አስቀመጡት። ዕድሜው እኩል ነውና ዛሬ ማን ከየት እንደመጣ አይለይም። ከሥር ያለውን ጥቁር ሬንጅ አትፋቁት፣ አቧራውንም አታስነሱት፤ የተነሳውን ብቻ ጠርጋችሁ በእንጨት ሙጫ አጣብቁ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ በጣቶቹ መካከል አንድ ሳንቲም ተገኘ። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ፣ የምሥራቅ አፍሪካ 10 ሳንቲም፣ 1956 ይላል። ኡጋንዳ የራሷን ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት ከኬንያና ከታንጋኒካ ጋር የምትጠቀምበት ነው። ልጆቹ ከበቡኝ። «የማን ነው?» አለች ትንሿ። እዚህ ቤት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ነው አልኳት። «የት ሄዱ?» አለች። «ውጡ ተብለው ወጡ።» ትንሽ አሰበችና «እንደኛ?» አለች። አዎ፣ እንደኛ። ለሃጃት ስሰጣቸው «ለልጆቹ ይሁን» አሉ፤ አሁን በክር ታስሮ ከሰሌዳው ጎን ተሰቅሏል።

ከዚያ መፋቁ መጣ። ባለ ቀበቶ ማሽን ለሁለት ቀን ተከራየን። ወረቀቱ በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው። በ40 ጀመርን፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 80፣ በመጨረሻ 120። ወጣቶቹ ከ40 ወደ 120 ዘለን እንጨርስ አሉ። ጋሼ «እንጨት ቂመኛ ነው፣ የዘለልከውን ቁጥር ቫርኒሽ በቀባህ ማግስት ያሳይሃል» አሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የሚያጠፋው የቀዳሚውን ጭረት ነው፣ 120 የ40ን ጭረት ለማጥፋት አቅም የለውም። ሌላው ችግር አቅጣጫ ነው። ጣውላ ቢሆን በእንጨቱ ጅማት ርዝመት ትሄዳለህ። ፓርኬ ግን አንዱ ቁም አንዱ አግድም ነው፣ በየትኛውም ብትሄድ ግማሹን ታቋርጣለህ። መላው ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ መሄድ ነው፤ በመጨረሻው ቁጥር ብቻ በመስኮቱ ብርሃን አቅጣጫ ይጨረሳል። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ እየዞረ ከቆመ ሳህን ይቆፍራል፣ ስለዚህ ሁሌ ይንቀሳቀስ።

ማሽን የማይደርስበት ጥግና ግድግዳ ሥር በእጅ ነው። ጋሼ መስተዋት ሰብረው በጠርዙ ቫርኒሹን እንደ ቅቤ ሲያነሱት አገር ቤት ያየሁት የአናጺ ቤት ሁሉ ትዝ አለኝ። ዐሥራ አንዱን ቀን የበላው ይህ ነው፤ መብራት በየከሰዓቱ መሄዱም አግዟል። የሲጊሪውን ጥቁር ክብ በኦክሳሊክ አሲድ አነሳነው። ብረት ከእንጨቱ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረውን ጥቁር ነገር ይፈታዋል። መርዝ ስለሆነ ጓንት፣ ልጅ ማራቅ፣ በኋላም ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ መጥረግ ያስፈልጋል። ሁለት ክብ ጠፋ፣ አንዱ ግን ጥላው ቀርቷል። የበለጠ ብንፍቀው ጣቱ ይሳሳ ነበር፤ ተውነው።

ስለ አቧራው በጣም ልጠንቀቃችሁ። የሙቩሌ አቧራ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያንቃል። ማስክ የሌለው እንዳይገባ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠን ነበር። አንዱ ወጣት «እኔ በረሃ አቋርጬ ነው የመጣሁት» ብሎ ያለ ማስክ ገባ፤ ለሁለት ቀን ዓይኑ አብጦ በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

ቫርኒሹ በዘይት የተሠራው ዓይነት ነው። ሳሎኑ 24 ካሬ ነው፤ አንድ ሊትር ወደ ዐሥር ካሬ ይሸፍናል፣ ሦስት ጊዜ ለመቀባት ሁለት ባለ አራት ሊትር ቆርቆሮ ገዛን። የመጀመሪያውን ከዐሥር አንድ እጅ በተርፔንታይን አቅጥነን ሰጠነው፣ እንጨቱ ይጠጣውና። ቀኑን ጠብቀን በ220 ወረቀት ለስለስ አድርገን ፋቅን፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፣ ሁለተኛውን ቀባን። እንደዚሁ ሦስተኛውን። ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ወደ በሩ ነው የሚቀባው። እናቴ እበቱን እንደዚያ ነበር የምትለቀልቀው። ያን ጊዜ ምክንያቱ አይገባኝም ነበር።

አንድ ነገር በደማቁ አንብቡልኝ። ይህ ቫርኒሽ ውሃ እንደሚደርቀው አይደለም የሚደርቀው። ማቅጠኛው ይተናል፣ ዘይቱ ግን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፤ ሲወስድ ሙቀት ይሰጣል። ወለል ላይ ሙቀቱ ይበተናል። ተጠቅልሎ ጥግ የተጣለ የቫርኒሽ ጨርቅ ውስጥ ግን ይጠራቀማል፣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነዳል። ጨርቁን ወይ ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ንከሩት ወይ ውጭ ዘርግታችሁ አስጡት። ቫርኒሽ በሚቀባበት ቤት ሲጊሪ አይለኮስም፣ ሲጋራም አይጨስም። እኛ አምስት ቀን በረንዳ ላይ ነው ያበሰልነው፣ ግማሾቻችን ጎረቤት፣ ግማሾቻችን በረንዳው ላይ ነው ያደርነው። ጎረቤቶቻችን፣ ሶማሊያዊቷ እናትና ኮንጎዎቹ፣ ፍራሽ ሲያቀብሉን ምን እየሠራን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም።

ሦስተኛውን ስንቀባ ዝናብ መጣ። የመስከረሙ ዝናብ ቀድሞ ገባ። እርጥበት ሲኖር መድረቅ ይዘገያል፤ በአንድ ሌሊት ይደርቃል ያልነው ሠላሳ ሰዓት ፈጀ። በየሰዓቱ ጥግ ላይ በጣቴ እየነካሁ ስመለስ ወንድሜ «ሕፃን ያስተኛህ መሰለህ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ሒሳቡ ይኸው፣ ለምትጠይቁኝ፦ ማሽን 140,000፣ ወረቀት 95,000፣ ቫርኒሽ 220,000፣ ተርፔንታይን 30,000፣ እንጨት 25,000፣ ሙጫና አሲድ 20,000፣ ማስክ፣ ጓንትና ብሩሽ 40,000። ድምር 570,000 ሽልንግ። ደረሰኙ አለ። ጋሼ ለጉልበታቸው አልቀበልም አሉ፤ እህታችን በዶሮ ወጥ ነው የተስማማቻቸው።

ጳጉሜን 5 ከሰዓት ሃጃት መጡ፣ ሊቀመንበሩም አብረው። ደላላው ተጠርቶ አልመጣም። ሃጃት በሩ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ከያዙት ጠርሙስ ውሃ ጠብ አደረጉ፤ ጠብታዎቹ ዶቃ ሆነው ቁጭ አሉ። ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። በባዶ እግራቸው ከጥግ እስከ ጥግ ሄዱ። ማሳካ አካባቢ ባደጉበት ቤት ወለሉ በእበት እንደሚለቀለቅ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ይህ ሥራቸው እንደነበር ነገሩን። እናቴም እንዲሁ አልኳቸው። «እናንተም ጋ አለ?» ብለው ተገረሙ። ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ሲወጡ ወደኔ ዞረው «ቡናችሁን ግን አትተዉ፣ ሽታው ሱቄ ድረስ ይመጣል፤ ከሲጊሪው ሥር ብቻ የሆነ ነገር አድርጉ» አሉኝ።

አድርገናል። ጋሼ ከቆርቆሮ ሰፋ ያለ ትሪ ሠርተውልናል፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ከሥሩ ሴራሚክ ቁራጭ ያለበት። ቄጠማው የሚጎዘጎዘው ከእንግዲህ በሰሌን ላይ ነው። የእንቁጣጣሽ ቡና በዐሥራ ሁለቱ ሲኒዎች ተጠጣ፤ አንዱ በስብሰባ የሚከራከረን ጓደኛዬ እጅ ላይ ነበር፣ «ትንሽ ያንሸራትታል» ከማለት ውጪ አስተያየት አልሰጠም።

የፊደል ትምህርት ቅዳሜ መስከረም 3 ይጀምራል፣ እንደ ወትሮው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ወላጆች፣ ቫርኒሹ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈልግ ልጆቹ ካልሲ ይልበሱ፣ ጫማ በረንዳ ላይ ነው። አዲስ ቤት የምትከራዩ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ቧንቧውን በስልክ አንሱና ቀኑ የሚታይበትን ፎቶ ለአከራዩ ላኩ፤ የሚቸገር ካለ መጥቼ አብሬ አነሳለሁ። የኋላውን ክፍል በታኅሣሥ የትምህርት ዕረፍት ልንሠራው ነው። አቧራ መሳቢያ ማሽን ያለው ቢያውሰን ደስ ይለናል። ሰው አይጎድለንም፣ ማስክ ግን በየራሳችሁ።